ያለው ይለቅ

በእኛ መንገድ የሚወራውን ልንገራችሁ። ጋሽ መጋዘን ሚስቱን የሚያበላት በፊርማ ነበር። ጓዳውን ቆልፎ ቁልፉን ወገቡ ላይ አስሮ ይዞራል፤ ሚስትየው አንድ ስኒ ሩዝ ስትፈልግ ቅጽ ሞልታ ታቀርባለች፤ እሱ መነጽሩን አድርጎ ያነባል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ ይሰፍርላታል። አንድ ቀን ቅጹ ላይ ቀን መጻፍ ረስታ ጦሟን ዋለች። በዚህ ተማርራ ጥላው ሄደች።

ወሬው ይሄ ነው። ጸጉር ቤት ውስጥ ሲወራ ደግሞ ቅጹ ሦስት ኮፒ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር የጓዳው በር ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። በርም አልነበረውም፤ መጋረጃ ነው። ሚስቱ ራሷ ሰፍታ የሰቀለችው፣ ታችኛው ጠርዙ ዱቄት የነካው አረንጓዴ መጋረጃ። ቅጽም አልነበረም። የቅጹን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው ለማሳቅ ብዬ የተናገርኩትን ጸጉር ሠሪዋ ለደንበኞቿ ስታከፋፍለው ከርማ፣ ከዓመት በኋላ ለራሴ እንደ ትኩስ ወሬ አቀረበችልኝ። «ሰማህ?» አለችኝ። ምን ልበላት። ሰምቻለሁ አልኳት።

ሴትየዋ መሄዷ ግን እውነት ነው። የሄደችበትም ነገር ከጓዳው ይነሣል። ለእኔ እውነቱ ከወሬው ይከፋል፤ ክፋት የለበትማ። ክፋት ቢኖርበት አንዱን ወገን ይዘን እንሰዳደብ ነበር።

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የምግብ መጋዘን ውስጥ ሠርቷል፤ ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። መጋዘኑ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር የተለጠፉ፣ ወለሉ ላይ ጆንያው እርጥበት እንዳይነካው የእንጨት ርብራብ የተነጠፈበት። ገና ተቀጥሮ ዓመት ሳይሞላው ያየው ነገር ነው ሰውየውን ሰው ያደረገው። ያኔ የነበረው አለቃ የመጣውን ሁሉ በሩ አጠገብ ያስደረድራል፤ ሲያወጣም ከበሩ አጠገብ ያወጣል። አዲሱ እየገባ አዲሱ እየወጣ፣ ከግድግዳው ጥግ ያለው ምስር ተረሳ። አንድ ቀን ሲደርሱበት ጆንያው በራሱ ይንቀሳቀሳል። ነቀዝ ነው። አርባ ጆንያ ጓሮ ወጥቶ ተቃጠለ፤ አለቃው ተባረረ፤ በሽተኞቹ ሁለት ሳምንት ጎመን ብቻ በሉ።

«ጆንያው ይተነፍስ ነበር» ይለኛል፣ ይህን ሲያወራ አሁንም እጁን እያራገፈ። «አንድ ሴትዮ፣ ሆስፒታል የተኛ ልጅ ያላት፣ ዛሬም ጎመን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። ምን አባቴ አውቃለሁ፤ ገና አዲስ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው አንድ ሕግ ያዘ። የቆየው ፊት፣ አዲሱ ኋላ። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት አንድ ጆንያ ሳይበላሽበት ሠራ፤ ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ። በመጋዘን ሕጉ ትክክል ነው። ሆስፒታል በቀን ስምንት መቶ ሰው ያበላል፤ ዛሬ የገባ ምስር በወሩ ሆድ ውስጥ ነው። የእሱ ቤት ግን ሦስት ሰው ነው የነበረው፤ እሱ፣ ሚስቱና አንዲት ልጃቸው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ሚስቱን እኛ እትዬ እንላታለን። ልብስ ሰፊ ናት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንድ ማሽን የምታቆም ጠባብ ሱቅ ነበራት፤ ጠዋት ገብታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኗን እያሸች ትወጣለች። በተጋቡ ሰሞን ማታ ቤት ስትደርስ ወጥ ቤት መሃል ቆማ «አሁን ምን ልሥራ?» ትላለች አሉ፤ እንዲህ ብላ አንድ ቀን አለቀሰች። ድካም ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እሱ ያንን ለቅሶ አየ። ሌላ ባል ቢሆን ወይ ይኮርፋል፣ ወይ ዳቦ ገዝቶ ይመጣል። እሱ በሦስተኛው ቀን መጋዝ ተውሶ መጣ።

ከወጥ ቤቱ ጎን ድሮ ልብስ ማጠቢያ የነበረች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ክፍል አለች። እሷን ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ አለበሳት። ታች ከባድ ነገር፤ ዱቄትና ሩዝ ክዳን ባለው ባልዲ። ድንችና ሽንኩርት አየር በሚያስገባ የእንጨት ሳጥን፣ ለየብቻ። አንድ ላይ ከዋሉ እርስ በርስ ይበላሻሉ ባይ ነው። ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ በየቀኑ የሚነሣው፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ፓስታ፣ የቲማቲም ድልህ፣ ዘይት፣ ጨው። ላይኛው ላይ በወር አንዴ የሚፈለገው። እያንዳንዱ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ላይ የተገዛበት ቀን ተጽፎ ይለጠፋል፤ የሚለጥፈው ደግሞ የቁስል ፕላስተር ነው፤ ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ሌላ ምን ይለጥፋል። የጓዳው ጠርሙሶች ሁሉ ከአደጋ የተረፉ ይመስሉ ነበር።

ይሄ ብቻ አይደለም። እሑድ እሑድ ምስሩን ለቅሞ ጠጠሩን ያወጣል። ባቄላ በሚበላበት ቀን ጠዋት ዘፍዝፎ ሥራ ይሄዳል። ነጭ ሽንኩርት ልጦ ዘይት ውስጥ ያኖራል። እትዬ ማታ ስትገባ መጋረጃውን ትገልጣለች፣ ከየረድፉ ፊት ያለውን ታነሣለች፣ በግማሽ ሰዓት እራት ደረሰ። ምን ልሥራ ብሎ ነገር ከዚያ ቤት ወጣ። የሰፈሩ ሴቶች ያኔ ባሎቻቸውን የሚሰድቡት በእሱ ነበር። «አንተ እንኳን መደርደሪያ ልትሠራ፣ የተሠራውን ያፈርሳል ክርንህ» ስትል ጎረቤቴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ባሏም ሰምቷል፤ ክርኑን አየት አደረገ። አንድ ክረምት ድልድዩ ተሰብሮ ለዘጠኝ ቀን የጭነት መኪና ሳይገባ ሲቀር ሰፈሩ በሙሉ ሳህኑን ይዞ አረንጓዴው መጋረጃ ፊት ተሰለፈ። ጋሽ መጋዘን የሚለው ስም የወጣለት ያን ጊዜ ነው። ስሙ የምስጋና ነበር፤ በኋላ ነው ያበላሸነው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ሰውየው ሲገዛ ሁልጊዜ ከሚበላው ትንሽ አብልጦ ይገዛል። ባለ መጋዘን እንዲጎድል አይወድም። የገዛው ኋላ ይገባል፤ የቆየው ፊት ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ፊት ያለው ምስር የሁለት ወር ነው። በአምስተኛው ዓመት የስምንት ወር ነው። በአሥረኛው ዓመት ልጅቷ የምትበላው ሩዝ ያለፈውን ክፍል ስትማር የተገዛ ነው። ደረቁስ ይሁን። ሰውየው ሕጉን አትክልት ላይም አዞረው። ቅዳሜ ድንችና ቲማቲም ይገዛል፤ ያለፈው ቅዳሜ ሳያልቅ አይነካም። ያለፈው ቅዳሜ ሲያልቅ የዛሬው ጎኑ ለስልሷል። በዚያ ቤት ቲማቲም ድስት የምትገባው ጡረታዋን አስከብራ ነው። ገበያው አፍንጫቸው ሥር፣ ገንዘብም ሳይቸግራቸው፣ ሦስት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ያለፈውን ሳምንት በሉ።

ይህን ያየችው ልጅቷ ናት፤ አሥር ዓመቷ ነበር። ሳህን ልመልስ ሄጄ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«የድሮውን ምስር በሙሉ ዛሬ ለሰው ብንሰጠውስ?»

«ለምን?»

«ከዚያ አዲሱን እንጀምራለን። ሌላ ስንገዛ ደግሞ አዲሱ ሳያረጅ ይደርሳል። አንድ ቀን ብቻ ነው የምንሰጠው፤ ከዚያ ሁልጊዜ አዲስ እንበላለን።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። አስቦ ነበር፤ አስታውሳለሁ፣ ትንሽ አሰበ። ከዚያ «የተገዛ ነገር ተራውን ይጠብቃል» አላት። «ደግሞ ምን ሆነ? ቅመሽው።»

«ቀምሼዋለሁ።»

«እሺ?»

«ጆንያ ጆንያ ይላል።»

እትዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ወጥቼ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁት። ጋሽ መጋዘንም ሳቀ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስቀን አሳለፍነው። ልጅቷ አልሳቀችም።

እትዬ ደግሞ በራሷ መንገድ ሞክራለች። ከሱቋ ስትመለስ በመንገዱ ዳር የምትሸጥ ሴት አለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ከነአረንጓዴ ግንዱ የተቀጠፈ ቲማቲም ታመጣለች። እትዬ ስድስት ሰባት ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። አንድ ረቡዕ አብረን ነበር የገባነው። ቲማቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው፤ ክፍሉ በሙሉ ማሳ ማሳ ሸተተ። ቢላዋም አነሣች።

ጋሽ መጋዘን ደስ አለው። አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነው። «እጅሽ ይባረክ፤ ደህና አድርገሽ መርጠሻል» አላት። ከዚያ ሰብስቦ ወደ መጋረጃው ወሰዳቸው። «ኋላ ይቀመጡ፤ ያለው ይለቅ።»

«እሺ» አለች። አባባሏ ክር በጥርስ እንደሚበጠስ ነበር፤ አጭር። ቢላዋውን አስቀምጣ ፊት ያለውን፣ ጎኑ የለሰለሰውን አምጥታ ከተፈች።

ይህ አንድ ረቡዕ አይደለም። ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ግን ተወችው፤ ባዶ እጇን መግባት ጀመረች። እሱ አስተውሏል።

«ቲማቲም መግዛት ተውሽ እንዴ?»

«ቤት አለ አይደል?»

በማግስቱ ለእኔ ሲያወራኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «ገብቷታል» አለኝ። «መጋዘን የገባው ሰው እንዲህ ነው።» እኔም አዎ ገብቷታል አልኩት። ቀልድ አይጠፋኝም፤ ያን ቀን ግን የሚያስፈልገው ቀልድ አልመጣልኝም።

ልጅቷ አድጋ አገባች፤ በሁለት አውቶቡስ የሚኬድበት ሰፈር ገባች፤ ወለደች። እትዬ አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ልታግዛት ሄደች፤ ለአንድ ወር። ወሩ ሲያልቅ ሕፃኗ ጥርስ ታብቅል ተባለ። ጥርሱ በቀለ፤ እስክትቆም ተባለ። ቆመች። ማሽኗንም በሦስተኛው ወር አስመጣች። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም፤ በየቀኑ ይደዋወላሉ። እኔ ግቢያችን አንድ ስለሆነ የእሱን ወገን እሰማለሁ። ናፍቀሽኛል የሚለውን ቃል ያ ሰው አፍ አያውቀውም።

«የፊተኛው ሩዝ ቆሟል እኮ» ይላታል። «ብቻዬን አልገፋውም።»

የምትመልሰውን አልሰማም። እሱ ግን «እሺ፣ እሺ» ብሎ ይዘጋል፤ ከዚያ ቅዳሜ ደርሶ ለሦስት ሰው የሚሆን ገዝቶ ኋላ ያስገባል። ጸጉር ቤቱ ያን ጊዜ ነው የእኔን ቅጽ ከመሳቢያ ያወጣው። ባል በፊርማ እያበላ፣ ሚስት እንዴት አትሄድም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዞ እኔ ቤት መጣ። ጺሙን አልተላጨም። ጓዳው ውስጥ ያሉትን ጠርሙሶች በሙሉ ከነቀናቸው ጽፎበታል፤ በሳምንት የሚበላውን አካፍሏል።

«ባለፈው ቅዳሜ የገዛሁትን ምስር የምበላው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«መቼ ነው?»

«ሰባ ዓመቴን ስይዝ።»

ሰውየው ስድሳ አራቱ ነው። «ዕድሜ ይስጥህ ጋሼ፤ ምስሩ ካለ አንተም አለህ» አልኩት። አልሳቀም። ወረቀቱን ገለበጠው። በጀርባው ደግሞ ወደ ኋላ ቆጥሯል፤ እስከ ተጋቡበት ጊዜ። አንድ ነገር በተገዛበት ቀን የበሉበትን ጊዜ እየፈለገ ነው። ያገኘው የጋብቻቸውን የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ መደርደሪያው ሳይሠራ በፊት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ባዶ ነው።

«ምን ልሥራ እያለች ስታለቅስ የነበረ ጊዜ» አለ። «ያኔ ትኩስ ነበር የምንበላው ማለት ነው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ልጅቷ በአሥር ዓመቷ ነግራኛለች። አንተም ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«አንድ ቀን ብቻ ነበር መስጠት ያለብን። አንድ ቀን።»

በዚያ ሳምንት ሰጠው። ሁሉንም። ጠርሙስ በጠርሙስ እየያዘ ቤት ለቤት ዞረ፤ ሰው ነገሩ ግራ ገብቶት፣ ሊሞት ነው እንዴ ሰውየው ተባለ። ለእኔ የደረሰኝ ባቄላ ላይ የተለጠፈው ቀን ሁለተኛዋ ልጄ ትምህርት ቤት ከገባችበት ሳምንት ነው፤ አሁን ቀኑን ራሷ ነች ያነበበችልኝ። መደርደሪያውን በሳሙና አጠበ፤ መጋረጃውን አውርዶ አጥቦ መልሶ ሰቀለ። እሑድ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ደጃፌ ላይ ቆመ። በመኪናዬ እንድወስደው ማለቱ ነው።

«ላመጣት ነው» አለ። ከዚያ በቀር ምንም አላለኝም። መንገድ ላይ ግን አሥር ጊዜ ያህል «ምን ይዤ ልሂድ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ባዶ እጅህን ሂድ ጋሼ። ካንተ እሱ ነው ስጦታ።»

የልጅቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል። ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ነው፤ ከማጠቢያው በላይ አንድ ቁም ሳጥን፣ ከሥሩ አንድ ቅርጫት፤ ያ ነው ጓዳቸው። እሱ ቁጭ ከማለቱ በፊት ዓይኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። ልጅቷ አየችው፤ ሄዳ ከፈተችለት።

«ይኸው አባዬ፣ ቆጠራ ግባ።»

ግማሽ ከረጢት ሩዝ፣ አንድ ጠርሙስ ምስር፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሁለት ጣሳ ድልህ። ቅርጫቱ ውስጥ ሽንኩርትና የትናንት ካሮት። ፕላስተር የለም።

«ነገ ምን ትበላላችሁ?» አለ።

«ደረቁ አለ። ትኩሱን ነገ ስወርድ ነዋ የማየው» አለች እትዬ። ሕፃኗን አዝላ ገና ከታች መውጣቷ ነው፤ እጇ ላይ ጎመንና ጭቃው ያልደረቀ ካሮት። ወፈር ብላለች። አቀፈችው፤ ኮቱን አስወለቀችው፤ እኔን «አንተ ወሬኛ፣ አለህ?» አለችኝ። ከዚያ አዲሱን ካሮት አጥባ መክተፍ ጀመረች። የትናንቱ ቅርጫቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። የእሱ እጅ ከጉልበቱ ተነሥታ ወደ ቅርጫቱ ጠቆመች። አየኋት። ከዚያ ተመልሳ ጉልበቱ ላይ አረፈች።

ምግቡ ደረሰ፤ ሩዝ በጎመንና በካሮት። ጋሽ መጋዘን ሁለት ጊዜ ጎረሰና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ጓዳውን ባዶ አድርጌዋለሁ» አለ። «መደርደሪያው ታጥቧል። ከእንግዲህ በየቀኑ እየገዛሽ ማብሰል ትችያለሽ።»

«ትችያለሽ ነው ወይስ ትችላለህ?» አለች ልጅቷ።

«ተይው» አለች እትዬ። «ደግ አድርጓል። ክፍሏም አየር ታግኝ።» ለሕፃኗ ሩዝ እያላመች ቀጠለች። «እኔ እኮ አልተቀየምኩህም። እንዳልደክም ብለህ ነው፤ አልደከምኩምም። ግን እዚህ ጠዋት ስነሣ፣ ዛሬ ምን አማረኝ ብዬ አስባለሁ። እዚያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት መጋረጃ ገልጬ ፊት ያለውን ነው ያነሣሁት። ምን እንደሚያምረኝ ጠፍቶኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስነግርህ ነዋ የኖርኩት። በየረቡዑ ተሸክሜ የምገባው ምን ልልህ መስሎህ ነው?»

ካሮቱን ተመለከተ።

«ትመጫለሽ?» አለ።

«ብቅ እላለሁ» አለች። በደግ ድምፅ ነው ያለችው። ብቅ እላለሁ ደግሞ ሰው ስለ ጎረቤት ቤት የሚናገረው ነው እንጂ ስለ ቤቱ አይደለም። ልጅቷም ሰምታዋለች፤ እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

ጋሽ መጋዘን ማንኪያውን አነሣ። ሳህኑን አንድም ፍሬ ሳያስቀር ጨረሰ፤ አፉን ጠረገ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ ወደ ሳህኑ፣

«ያኔ እምቢ ብትዪኝ እኮ እሺ እል ነበር» አለ።

ልጅቷ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች።